ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ፒያሳ የሚሸጡት የብላክ ፓንተር (የማርቭል ኮሚክ ጀግና) ቲሸርቶች ስዕላቸው ቶሎ የሚላጠው ጨርቁ ስለማይረባ ነው ይላል። ጥፋቱ የሕትመቱ ነው! በሙቀት የሚለጠፍ ስዕል በቂ ሙቀትና ጫና ካላገኘ ከጠርዙ ይነሳል። ስትገዙ በሁለት እጅ ሳብ አድርጉት፤ ስዕሉ ከተሰነጣጠቀ ተዉት። ስታጥቡት ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ፤ ካውያ ስዕሉን አይንካው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኮሚኩ፣ ማለትም በስዕል ታሪክ የሚተርከው መጽሔት ነው። ገጸ ባሕርዩ በ1966 እ.ኤ.አ. በፋንታስቲክ ፎር ኮሚክ ቁጥር 52 ብቅ ሲል የታተመበት ርካሽ ወረቀት አሲድ ስላለው ቢጫ ይሆናል። የዛሬው ወረቀት ይሻላል፤ ግን የጎንደር ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ የክረምቱ እርጥበት ገጾቹን ያጣብቃል። ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን አድርጋችሁ በላስቲክ ከረጢት ክተቱት፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አቁሙት። የተቀደደውን ደግሞ እባካችሁ በስኮች አትለጥፉት፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል።