ከአንድ ግራም በታች፣ ስምንት ዓመት

«ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪዋና ተፈቅዷል አይደል? ታዲያ እስረኛ እጅ ሲገኝ ለምን ወንጀል ይሆናል?» አለ ታክሲ የሚነዳው ወዳጃችን። ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልተወራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ሕግ መሠረት፣ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው እስከ 28.5 ግራም ማሪዋና መያዝ ይችላል። እስር ቤት ውስጥ ጥቂት ማሪዋና የተገኘባቸው አምስት እስረኞች ይህንኑ ሕግ ይዘው ተከራከሩ። በ2019 ሳክራሜንቶ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት «ማጨሱ እንጂ መያዙ ወንጀል አይደለም» ብሎ ፈረደላቸው። በ2021 ግን የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው።

«ደግ አደረገ!» አለች ነርሷ። የምታውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ከእስር ቤት ደውሎ «የዕፅ ዕዳዬን ካልከፈልኩ አይለቁኝም» ሲላቸው፣ ለቤት ኪራይ ያስቀመጡትን ገንዘብ ለማያውቁት ሰው ላኩ። «ውጪ ያለ አንድ ግራምና እዚያ ውስጥ ያለ አንድ ግራም እኩል እንዳይመስልህ። እዚያ ዕዳ ነው፣ ዱላ ነው።»

«እሺ፣ አበዳሪውን ይቅጡት!» አለ ሾፌሩ። «ከአምስቱ አንዱ ከአንድ ግራም በታች ይዞ ነው ስምንት ዓመት የተፈረደበት። ስምንት!»

እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ቅጣቱ የበዛ እንደሚመስል በፍርዱ ላይ ጽፏል። ሕጉ ግን ይፈቅዳል። እስር ቤት ውስጥ ዕፅ መያዝን የሚከለክለው አንቀጽ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይላል። ቀደም ሲል በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ላይ ደግሞ ቅጣቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ጋሼ እስካሁን ያዳምጡ ነበር። «ቅጣቱ ይህን ያህል ከከበደ፣ ዕፁ ለምን አልጠፋም?» አሉ።

ሾፌሩ ይህን ጥያቄ የጠበቀው ይመስላል። በ2020 የካሊፎርኒያ እስር ቤቶች ለሱሰኞች ሕክምናና መድኃኒት በሰፊው መስጠት ጀመሩ። በዚያው ዓመት በኦቨርዶዝ፣ ማለትም ዕፅ ከመጠን በላይ ወስደው፣ የሚሞቱ እስረኞች ቁጥር ከግማሽ በላይ ወረደ። ነርሷ አልተረታችም። «በዚያው ዓመት እኮ በኮቪድ ምክንያት ጠያቂ አይገባም ነበር። ሁሉንም ለመድኃኒቱ አትስጠው» አለችው። እውነቷን ነው፤ ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም።

የኔን ልናገር። ክልከላው ይቅር አልልም። የነርሷን ታሪክ የሰማ ሰው እንዲያ ሊል አይችልም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያ ሕግ ዕፅ ወደ እስር ቤት የሚያስገባው ሰውም፣ ፍራሹ ሥር ቁንጥር የተገኘበት ሱሰኛም የሚጠብቃቸው ቅጣት ያው ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። እናትየዋን ኪራይ ያሳጣው ዕዳ የሚጀምረው ከአስገቢው ነው፤ እሱና ሱሰኛው በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይገባም። ደግሞ እስር ቤቱ ያለ ፍርድ ቤትም መቅጫ አያጣም። አመክሮ ይቆርጣል፣ ጠያቂ ይከለክላል። አመክሮ መቆረጥ ምን ማለት እንደሆነ ታሳሪ ያለው ቤተሰብ ያውቀዋል። ለራሱ ሊያጨስ ጥቂት ለያዘ ሰው ይህ ይበቃል፤ ከዚያ ሱሱን ያክሙለት። የስቴቱ ሕግ አውጪዎች አንቀጹን ከፍተው፣ ለግል የተያዘ ጥቂት ማሪዋና ተጨማሪ የእስር ዓመት እንዳያስከትል ማድረግ አለባቸው።