ቀበሌያችንን ማን መረጠው?

የእድራችሁ ሰብሳቢ ማን ነው ብትባሉ ስሙን ወዲያው ትጠራላችሁ። በወረዳው ምክር ቤት ማን ይወክላችኋል ብትባሉስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ያሳስበኛል።

እድርን የምናምነው በምክንያት ነው። ገንዘብ ያዡ ጎረቤታችን ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ሂሳቡን ያቀርባል፤ ያልገባው ሰው ተነስቶ ይጠይቃል። ካጠፋ ይወርዳል። በብሔር ወይም በእምነት የተሰባሰቡ እድሮች እንዳሉ አይጠፋኝም። የሰፈር እድር ግን ሐዘን ለደረሰበት ሁሉ ድንኳን ይተክላል፤ የዘር ሐረግ አይቆጥርም። እኔ ኢትዮጵያዊነትን በተግባር ያየሁት እዚያ ነው።

ቀበሌ ሌላ ታሪክ አለው። በ1967 ሲቋቋም የነዋሪው ማኅበር ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በቀይ ሽብር ሰው የሚታሰርበትና የሚገረፍበት ቦታ ሆነ። ደርግ ወደቀ፤ ቀበሌው ቀረ። በ2000 የአካባቢ ምርጫ ያኔ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ወንበሮችን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ወሰደ። ሕዝቡ ቀበሌን የራሱ አድርጎ ባያይ ምን ይደንቃል?

በአገር ደረጃ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነው። የ2010ሩ ተራዘመ። በ2013 ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤቶች ስንመርጥም በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ቀበሌና ወረዳ ተዘለሉ። የ2005 የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ልጅ ሊያሳድግ ይችላል። የቀበሌውን ምክር ቤት ግን አንድ ጊዜም መርጦ አያውቅም። ውሃ ሲጠፋ፣ መታወቂያ ሲዘገይ፣ የመሬት ጉዳይ ሲጓተት የሚሄደው ደግሞ እዚያው ነው።

የጸጥታው ችግር እውነት ነው። ውጊያ ባለበት አካባቢ ኮሮጆ ይዞ መንቀሳቀስ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ሰላም ያለበት ወረዳ ግን ለምን ይጠብቃል? የ2013ቱ ምርጫ ራሱ በአንድ ቀን አላለቀም። ሰኔ 14 ቀን ያልመረጡት ሶማሌና ሐረሪ መስከረም 20 ቀን 2014 ድምፅ ሰጥተዋል። በየተራ መምረጥ እንደሚቻል አይተናል።

ስለ አገራዊ አንድነት በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። በአገራዊ ምክክርም መነጋገራችን ደግ ነው። ነገር ግን ሰው ከማያምነው ቀበሌ ወጥቶ አገሩን እንዲያምን መጠበቅ ይከብዳል። ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው በአንድ ሰፈር ስለ አንድ መንገድና ስለ አንድ ጤና ጣቢያ አብረው ሲወስኑ፣ አብረው ሲቆጣጠሩ ነው መተማመኑ የሚመጣው።

ስለዚህ ምርጫ ቦርድና የተወካዮች ምክር ቤት ለአካባቢ ምርጫ ቁርጥ ያለ ጊዜ ይንገሩን። እስከዚያው ወረዳዎች በጀታቸውን ነዋሪው በሚያነበው ቋንቋ በራቸው ላይ ይለጥፉ። በዓመት አንድ ጊዜም ነዋሪውን ጠርተው ያወጡትን ያስረዱ፤ ጥያቄም ይቀበሉ። ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።