ስንብት አንድ፣ ስንብት ሁለት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዴክና ስፒከር የሚጠግን አንድ ወዳጅ አለን። ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ሱቅ ሰብሰብ እንላለን። ጠግኖ የጨረሰውን ስፒከር የሚሞክረው ሁልጊዜ በአንድ ዘፈን ነው፤ በኢግልሶች «ሆቴል ካሊፎርኒያ»። ቤዙ ካልተንኮሻኮሸ፣ ጊታሩ ጥርት ካለ፣ ዕቃው ለባለቤቱ ይሰጣል።

በቀደም ዘፈኑ እየሄደ ሳለ ባንክ ቤት የሚሠራው ጓደኛችን ተከዘ። «የስንብት ኮንሰርታቸውን ሳላይ መቅረቴ ነው እኮ!» አለ።

«የትኛውን ስንብት?» አለ ጠጋኙ፣ ከሽቦው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «አንደኛውን ነው ሁለተኛውን?»

ክርክሩ ከዚህ ተነሣ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ኢግልስ የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ በ1971 ሎስ አንጀለስ ተመሠረተ፤ በ1980 ተበተነ፤ በ1994 ተመለሰ። ከዚያ «ፌርዌል ዋን» የሚል የስንብት ጉዞ ተጀመረ። በ2004 መልበርን ላይ የቀረጹት ዲቪዲም በዚሁ ስም ወጣ። ስንብት ቁጥር አንድ መሆኑ ነው። ቀልደው ነው፣ ገብቶናል። ግን ቀልዱ እውነት ሆኖ አረፈው። በ2023 ኒውዮርክ ላይ ሌላ ስንብት ጀመሩ፤ ይኼኛው «ዘ ሎንግ ጉድባይ»፣ ረጅሙ ስንብት ተባለ። በየከተማው ሕዝቡ የፈለገውን ያህል እንጫወታለን ብለውም አስነገሩ። በዓመቱ ላስ ቬጋስ ውስጥ ስፊር የሚባለው ክብ አዳራሽ ገቡ። ቀን ጨመሩ። ደግመው ጨመሩ።

ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። አንድ ተረት ከያዙ ደግሞ አይለቁም። «እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» አሉ።

ባንከሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ ሰው ወዶ እየከፈለ እኛን ምን አገባን? ትኬት ይሸጣል፣ ወረፋ አለ። ወረፋ ካለ ደግሞ ተወደዋል ማለት ነው።»

ወረፋ የመወደድ ምልክት ከሆነ በዚህች አገር ከነዳጅ ማደያ የበለጠ የተወደደ ነገር የለም። ይኼን አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ ወደ ስልኩ ዞረ። ሲጨንቀው ሁልጊዜ ስልኩ ውስጥ ነው የሚገባው።

እውነቱን ለመናገር ዘፈኑን ከእኔ በላይ የሚወደው የለም። የኔ ዕድሜ ሰው የሰማው በተገለበጠ ካሴት ነው። እኛ ሰፈር የነበረችው ካሴት ደግሞ ቦታ አልበቃትም ነበር። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ተኩል ነው። መጨረሻው ላይ ዶን ፌልደርና ጆ ዋልሽ በሁለት ጊታር የሚመላለሱበት፣ አንዱ ሲጥል ሌላው የሚያነሣበት፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ አለ። እዚያ መሀል ላይ ክሩ ያልቅና የቴፑ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ይነሣል። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ጊታሩን በአፉ ሲያንጎራጉር እዚያችው ቦታ ላይ ነበር የሚያቆመው። ሙሉውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ለካ እሱም በወጉ አያልቅም፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ይጠፋል።

ይኼን ስናገር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጣልቃ ገባ። «ታዲያ ምን ይገርማችኋል? ዘፈኑ ራሱ ገብተው ስለማይወጡበት ሆቴል አይደል?»

ሁላችንም ሳቅን። ባንከሩ ግን ቀልዱን እንደ ማስረጃ ያዘው። «ይኸው! ነግረዋችኋል!» አለ።

የሚያናድደኝ እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። ይኼ ዘፈን ሊወጣ ሲል አሳታሚው ረዝሟል፣ ለሬድዮ አይሆንም፣ ይጠር ብሎ ነበር። አናሳጥርም አሉ። ሳይነካ ወጣ፤ ግራሚም አገኘ። እንደገና ገንዘብ ቸገራቸው እንዳትሉኝ፣ የቀድሞ ዘፈኖቻቸው ስብስብ ብቻውን አሜሪካ ውስጥ በ2018 የ38 ሚሊዮን ቅጂ ሽያጭ ዕውቅና ተሰጥቶታል። ከማይክል ጃክሰን «ትሪለር» በላይ ማለት ነው። ያን ጊዜ ለአለቃ እምቢ ያለ ሰው ዛሬ ለጭብጨባ እምቢ ማለት አቃተው።

ጠጋኙ በበኩሉ ትክክለኛው ስንብት የ1980ው ነው ባይ ነው። ሎንግ ቢች ላይ ለአንድ ሴናተር ድጋፍ ሊጫወቱ ወጡ። ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ግሌን ፍራይና ጊታሪስቱ ፌልደር መድረክ ላይ ሆነው፣ ለሕዝቡ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን እየዘፈኑ፣ በዘፈኖቹ መሀል ይዛዛቱ ነበር። ሦስት ዘፈን ቀርቷል፣ ከዚያ ድብደባህን ትቀምሳለህ ዓይነት። እየቆጠሩ ጨረሱ። ከዚያ ዓመታት ተኳረፉ። ከበሮ መቺውና ድምፃዊው ዶን ሄንሊ መቼ ትመለሳላችሁ ሲባል ሲኦል በረዶ ሲሆን ብሎ መልሶ ነበር። በ1994 ሲመለሱ ያችኑ ንግግር የአልበሙ ስም አደረጓት።

«ተጣልቶ መለያየት ይሻላል፤ ቢያንስ ትኬት አልቆረጡበትም» አለ ጠጋኙ።

ባንከሩ አዲስ ነገር ያመጣ መስሎት «እንግዳ እንግዳ ትላላችሁ፣ እነሱ እንግዳ አይደሉም። ሕዝቡ ነው አትሂዱ የሚላቸው» አለ።

እዚህ ላይ ጋሼ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «ስማ ልጄ። አንተ የተወለድከው ጎጃም ነው። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሊሄድ ሲነሣ ምን እንላለን? በሞቴ፣ ተቀመጥ እንላለን። መሽቷል፣ ጅብ ይበላሃል፣ ጠላው ገና አልተነካም እንላለን። እንግዳውስ? ይሰማል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ልመናው የክብር ነው። አንዱን ዋንጫ ጨምሮ ይነሣል። እኛም እስከ ደጃፍ፣ ሲብስም እስከ ወንዙ እንሸኛለን። አሁን አንዱ በሞቴ ስላልነው ብቻ ተመልሶ ጋቢውን አውልቆ ቢተኛስ? በነጋታውም በሞቴ ስንለው ደግሞ ቢተኛስ? እንግዳ ፊት ወርቅ...»

«...ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» ብለን ጨረስንላቸው።

ድሮ ቅኔ ቤት ገብቶ የነበረ፣ አሁን ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ጓደኛችን ደግሞ በአጭሩ ጨረሰው። «ቅኔ በሄደበት ቀን ሄደ። ዛሬ የተቀኘኸውን ነገ መልሰህ ብታመጣው መምህርህ ምን እንደሚልህ አትጠይቀኝ። ስንብትም እንደዚያው ነው።»

ተማሪው ግን እጅ አልሰጠም። ካመጣው ሁሉ ትንሽ የከበደኝ የእንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ የኦዚ ኦዝቦርን ነገር ነው። በ1992 «ኖ ሞር ቱርስ»፣ ከእንግዲህ ጉዞ የለም ብሎ ተሰናበተ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጡረታ አልጣመኝም ብሎ ተመለሰ። ጁላይ 5፣ 2025 በተወለደባት በርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም፣ ፓርኪንሰን ይዞት መቆም አቅቶት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። በዚያው ወር 22ኛው ቀን ላይ አረፈ። «በ1992 ቢቀር ኖሮ ይኼን ታጡት ነበር» አለ ልጁ።

ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ዘነጋ። የመጨረሻው የኦዚ ስንብት ቀን አልተጨመረለትም። አንድ ቀን ነበር፣ አለቀ። ገቢውም ለበጎ አድራጎት የታሰበ ነው። ሰውየው ሊሰናበት መጥቶ ተሰናበተ።

ልጁ በዚህ ቢያበቃ ይሻለው ነበር። ወሬ ሲያሞቅ «ኪስ» የሚባለውን የሮክ ባንድ አነሣ። ኪስም በ2000 ተሰናብተው፣ ተመልሰው፣ በዲሴምበር 2023 ኒውዮርክ ላይ እንደገና ተሰናበቱ። ከመድረክ እንደወረዱ በስክሪኑ ላይ በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎቻቸው ብቅ አሉ። ከዚህ በኋላ እነሱ ይቀጥላሉ ተባለ። «ስለዚህ ባንዱ አይሞትም!» አለ ልጁ በደስታ።

ጋሼ ጭናቸውን መቱ። «ኋላ ጨርቅ ያልኳችሁ ይኼንን ነው! ሰውየው ሄዶ ሸራው ቀረ!»

እኔ ደግሞ ወደ ቤታችን መለስኳቸው። ማህሙድ አህመድ በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ጥር፣ በ83 ዓመቱ፣ አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ ተሰናበተ። ሊስትሮ ሆኖ የጀመረ፣ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ታጅቦ ትውልድ ያስጨፈረ ሰው ነው። እንባ ነበር፣ ሆታ ነበር፣ በቃ። ስንብት ቁጥር አንድ አላለውም።

«እሱ እኮ አርጅቶ ነው» አለ ባንከሩ።

ሄንሊ በ1947 የተወለደ ሰው ነው። ጎረምሳ መስሎት ይሆናል።

ፍርዴን ቀደም ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፤ ቢሆንም በግልጽ ላስቀምጠው። አትጫወቱ ያላቸው የለም። ሰው ጣቱ እስከቻለ ድረስ ይጫወት። በ2016 ግሌን ፍራይ ሲሞት ለእኔ ኢግልስ አብቅቶ ነበር፤ በዓመቱ ልጁ ዲከን በአባቱ ቦታ ቆሞ ሲዘፍን ግን አልከፋኝም። የአባቱን ዕቃ ልጅ ቢያነሣ ነውር የለውም። ኮንሰርት ነው ብለው ይሽጡ፣ ይግዛ የፈለገ። ስንብት ነው ብለው አይሽጡልን። ስንብት ሲባል ሰው ከሩቅ ይመጣል፣ ይበደራል፣ የታመመ አባቱን ደግፎ ያመጣል። የሚከፍለው ለዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ አይገኝም ለተባለው ቃል ነው። ያን ቃል ሁለት ጊዜ የሸጠ ነጋዴ በእኛ ገበያ ቢገኝ በሽማግሌ ይጠየቃል።

ቃሉስ ቢሆን በፊርማ እንኳ አልያዝ አለ። ሞትሊ ክሩ የሚባሉት ሮከኞች ከእንግዲህ ለኮንሰርት አንዞርም ብለው በ2014 በጠበቃ ፊት ፈረሙ። በ2015 የመጨረሻ ቀን የመጨረሻቸውን ተጫወቱ። በ2019 ውሉን በቪዲዮ በፈንጂ አጋይተው ተመለሱ። ሕዝቡም አጨበጨበ!

ፈረንጅን ብቻ ምን ልውቀስ። ይኼ ዘመን መሄድ የማይችል ሰው ዘመን ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት አንድ ጫማ ቤት አለ፤ «የመጨረሻ ቅናሽ! ልንዘጋ ነው!» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ወረቀቱ ፀሐይ መትቶት ቀዩ ቀለም ሮዝ ሆኗል፤ ቤቱ ግን ሲዘጋ አላየንም፣ እንዲያውም ጎኑን አስፍቷል። የቴሌቪዥን ድራማው የመጨረሻ ክፍል ተብሎ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ያየዋል፤ በወሩ ምዕራፍ ሁለት። ሰርጉ በመልስ፣ በቅልቅል ያልቅ ነበር፤ አሁን ከቅልቅሉም በኋላ የምስጋና ራት የሚባል መጥቷል፣ ያውም መዋጮ አለው። በስልክ እንኳ ቻው የተባባለ ሰው ሩብ ሰዓት ያወራል። ወንበር ላይ ስላለ ሰውማ ባልናገር ይሻላል።

የኛን እድር ሰብሳቢ ግን አልተውም። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ደክሞኛል፣ ለወጣት ልልቀቅ ይላል። መሐረቡን ያወጣል። እኛም በሞቴ፣ አባታችን፣ ማን አለን እንላለን። እሺ ካላችሁ ብሎ ይቀመጣል፤ የእድሩ ድንኳን እንደተቀደደ፣ የጎደሉት ወንበሮች እንዳልተቆጠሩ ሌላ ዓመት። የዘንድሮው ጉባኤ ቀርቧል፤ አሁንም ሊሰናበት ነው አሉ። ባንከሩ «ከሱ የተሻለ የለም፣ ሕዝቡ ይፈልገዋል» ብሎ ከወዲሁ እየቀሰቀሰ ነው። እኔና ጠጋኙ ግን ፊት ወንበር ላይ ልንቀመጥ ተስማምተናል። ደክሞኛል ሲል እጃችንን አውጥተን፣ እግዜር ይስጥልን፣ ጥያቄዎ ተቀባይነት ያግኝ እንላለን። ጋሼ ደግሞ ምርቃቱን ሊያደርሱ ቃል ገብተዋል።