ማስተካከያ፦ በቤት ስለሚሠራው የብረት መፋቂያ ማሽን

ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ ላይ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) በየዶ የቶርኖ ቤድ (የቶርኖው ተንሸራታች ክፍሎች የሚሄዱበት መሠረት) መፋቅ፣ ማለትም ፊቱን በስሱ እየላጡ ማስተካከል፣ ይቻላል ተብሎ ነበር። ምክሩ በገላንና በቃሊቲ ቶርኖ ቤቶች ሥራ ላይ ሳይውል መታረም አለበት።

ዋናው ችግር ምቱ፣ ማለትም መጋዙ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደው ርቀት፣ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መጋዞች በአንድ ምት 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ለመፋቅ ይህ በጣም ይበዛል። ለዚሁ የተሠሩት እንደ ቢያክስ ያሉ ማሽኖች ምታቸው እንደ ሥራው ያጥራል፣ ይረዝማል። ስለዚህ መጋዙን ፈታችሁ ክራንኩን (የሞተሩን መዞር ወደ መመላለስ የሚለውጠውን ክፍል) መቀየር ግድ ነው። የክራንኩ ፒን ከመዞሪያው መሐል በ5 ሚሊ ሜትር ከራቀ ምቱ 10 ይሆናል፤ ሁልጊዜ እጥፍ ነው። ፍጥነቱም የሚቀነስ ይሁን።

ካርባይዱን በኤሌክትሮድ አትበይዱት፣ ይሰነጠቃል። በነሐስ ወይም በብር ብየዳ ይያዝ። በብሎን ቢታሰርማ ይሻላል፣ ሲደንዝ ቶሎ ይቀየራል።

በቀድሞው ጽሑፍ ካርባይዱ «እንደ መሮ ይሳል» የተባለውም ልክ አይደለም። ለካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ ለፈሰሰ ብረት) ጫፉ ደፈን ያለ፣ ከ90 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ መሆን አለበት። ቀጭን ስለት ብረቱ ውስጥ ይሰምጥና ይንቀጠቀጣል። ጫፉን ከፊት ስታዩት ደግሞ በስሱ ቀስት የመሰለ ይሁን፤ ቀጥ ካለ ማዕዘኖቹ ይቧጥጣሉ። ተራው ግራጫ የሞላ (የመሳያ ማሽን) ድንጋይ ካርባይድ አይስልም። አረንጓዴው (የሲሊከን ካርባይድ) ድንጋይ ወይም የአልማዙ ያስፈልጋል። ሲሳል የጋለውን ካርባይድ ውኃ ውስጥ አትንከሩት።

መነጽርና ጭምብል በጽሑፉ አልተጠቀሱም ነበር። ሁለቱም የግድ ናቸው፤ የካስት አይረን ብናኝ ዓይንም ሳንባም ይጎዳል።