ቆሞ የሚሮጥ መኪና

ወገን፣ ከሥራ ገብቼ መተኛት ሲገባኝ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ሆዴ ተቃጥሏል። ያቃጠለችኝ ደግሞ «ኦፍ» የምትባል ከሁለት ፊደል የማትበልጥ ቃል ነች።

ዲሲ መሀል ከተማ፣ አንድ ሕንጻ ሥር ፓርኪንግ እሠራለሁ። የማታ ሺፍት። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ሱፐርቫይዘሬ ደወለና «ዚ አላርም ዌንት ኦፍ፣ ሌቭል ስሪ» አለኝ። እኔ የማውቀው መብራት ኦፍ ሲደረግ እንደሚጠፋ ነው። ቴሌቪዥንም ኦፍ ሲደረግ ይጠፋል። አላርሙም ጠፋ ማለት ነዋ! «ኦኬ፣ ቬሪ ጉድ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «አር ዩ ሹር?» ሲለኝ «የስ ሰር፣ ታንክ ዩ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ ሻዬ ተመለስኩ።

ለካ ሦስተኛው ምድር ቤት ያለው የአደጋ ጊዜ መውጫ ተከፍቶ አላርሙ ይጮኻል። እኔ ያለሁበት ድረስ አይሰማም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰውዬው ራሱ መኪናውን አስነስቶ መጣ። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ነገርኩህ እኮ!» ይለኛል። «አዎ፣ ጠፋ ብለህ ነገርከኝ!» እለዋለሁ። እሱም አልገባውም፣ እኔም አልገባኝም።

እስኪ ፍረዱኝ። መብራት ኦፍ ሲል ይጠፋል፣ አላርም ኦፍ ሲል ይጮኻል። ወተት ኦፍ ሲል ይበላሻል፣ ቦምብ ኦፍ ሲል ይፈነዳል። አውሮፕላን ቴክ ኦፍ ሲያደርግ ይነሳል፣ ጫማ ቴክ ኦፍ ሲደረግ ይወልቃል። ዴይ ኦፍ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ሌይ ኦፍ ካሉኝ ግን የቤት ኪራዩን ማን ሊከፍልልኝ ነው?

አልተማርክም እንዳትሉኝ ደግሞ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው። ፎቶሲንተሲስን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልስታትም። «ኔቨርዘለስ»ን ድርሰት ላይ እንደ ቅመም ስነሰንሳት ነው የኖርኩት። ረጃጅሞቹ ቃላት ታማኝ ናቸው። ፎቶሲንተሲስ ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ አትሆንም። ሰው የሚጨርሱት እነዚህ ድንክዬዎቹ ናቸው፤ ጌት፣ ፑት፣ ቴክ፣ ሴት፣ ረን። መምህራችን «ረን ማለት ሮጠ» ብለው ሰሌዳ ላይ ጽፈው አለፉ። አበቃ። እኔም ሮጠ የምትለዋን ይዤ አሜሪካ ገባሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሳምንት አንዱ ደንበኛ ከመኪናው ወርዶ «ሊቭ ኢት ረኒንግ» አለኝ። መኪናው ቆሟል። ሰውዬው እየሮጠ ተወው ይለኛል። ሞተሩን አታጥፋ ማለቱ ነው። ወዲያው ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ «ረን ሂዝ ካርድ» አለች። ካርዱን ላስሩጠው? ወዴት? ለካ ማሽኑ ላይ አስከፍለው ነው። የደረሰኝ ወረቀት ሲያልቅም ረን ነው፣ አፍንጫ ሲዝረከረክም ረን ነው፣ ባለቤቱ ፓርኪንጉን ሲያስተዳድርም ረን ነው።

የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት በ1989 (በፈረንጆቹ) ሲታተም በትርጉም ብዛት ዘውዱን የደፋችው «ሴት» ነበረች። የእኛዋ ሴት ሳትሆን የእነሱዋ። ወደ 430 ትርጉም ተቆጠረላት። በአዲሱ ዝግጅት ደግሞ «ረን» ቀድማታለች፤ ግሡ ብቻ 645። ያው ሯጭ አይደለች! መምህራችን አንዷን ነገሩን። 644ቱን ማን ይንገረን?

«የእኛስ አማርኛ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እኔ ራሴ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ መቀስ ግን ይዤ አላውቅም። ሆድ ይቆርጠናል፣ ተስፋ እንቆርጣለን፣ ቀን እንቆርጣለን። ይሁን። ግን በእኛ ቋንቋ ነገሩ ሲለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ግሡም መልኩን ይለውጣል። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ሰባበረ፤ ማን ምን እንዳደረገ ከቃሉ ላይ ታያለህ። የእነሱ «ብሬክ» ግን ፊቱ ያው ነው። ዳውን ስትከተለው መኪናው ተበላሸ፣ አፕ ስትከተለው ፍቅረኛሞቹ ተለያዩ፣ ኢን ስትከተለው ሌባ ገባ። ብቻውን ሲቆም ደግሞ የምሳ እረፍት። ስልክ ላይ ደግሞ እነዚህ ጭራዎች ከአፍ ሲወጡ አይሰሙም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የቡናው ነው። ከቤት በፔርሙዝ ቡና ይዤ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሠራውን ፈረንጅ «ልቅዳልህ?» ስለው «አይም ጉድ» አለኝ። ጉድ ነኝ አለ! ደህና ከሆነማ እሰየው ብዬ ቀዳሁለት። እኛ ቤት ይቅርብኝ ያለ ሰው እንኳ ሦስቴ በሞቴ ይባላል፣ ይሄ ጭራሽ ደህና ነኝ ነው ያለው። ስኒውን ሲያየው ቆይቶ ጠጣው። «አልፈልግም» ማለቱ እንደሆነ የሰማሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ በየሺፍቱ እየቀዳሁለት ነበር። አሁን ቡና ካልያዝኩ ራሱን ያመዋል።

ወደ ሐሙሱ ልመለስ። ሱፐርቫይዘሩ ጮኾ ጮኾ ሲወጣለት «አይ ሃቭ ቱ ራይት ዩ አፕ» አለኝ። አፕ ላይ ነው፣ ከፍታ ነው። ያን ሁሉ ከተቆጣኝ በኋላ ጸጸት ገብቶት እድገት ሊጽፍልኝ መሰለኝ። እጁን በሁለት እጄ ይዤ «ታንክ ዩ ሶ ማች፣ ጋድ ብለስ ዩ» አልኩት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሄደ። በማግስቱ ሊያስፈርመኝ ወረቀት ይዞ መጣ። ማስጠንቀቂያ ነው።

ይኸው ይህን እየጻፍኩ ቴክስት ላከልኝ። «ዩ አር ኦፍ ሰንደይ» ይላል። የምታውቁ ንገሩኝ፣ እሑድ ምንድን ነኝ? አረፍኩ? ተበላሸሁ? ወይስ ተባረርኩ? ሁለቴ ደወልኩለት፣ አያነሳም።