ባለ ጅራቱ ደባል

ጓደኛዬ ውጭ ሊሄድ ነው። ቪዛው መጣ፣ ቲኬቱ ተቆረጠ፣ ሶፋው ተሸጠ፣ ፍሪጁ ለእህቱ ተሰጠ። የቀረው ውሻው ብቻ ነው። አንድ ቀን ደወለና ማኪያቶ ጋበዘኝ። ሰውዬውን ሃያ ዓመት ሳውቀው ሒሳብ ከፍሎ አያውቅም። መንቃት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው።

«መቻልን ካንተ ሌላ የማምነው ሰው የለም» አለኝ።

መቻል የውሻው ስም ነው። ጀርመን ሼፐርድ። ዕድሜው ሦስት ዓመት፣ ክብደቱ 36 ኪሎ። ስሙን ስሰማ ነገሩ ገብቶኛል። በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው አይወጣም፤ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። አያቴ «ማን አለብኝ» የሚባል ውሻ ነበራቸው። ከአጥር ማዶ ካሉት ሰውዬ ጋር በድንበር የተኳረፉ ጊዜ ያወጡለት ስም ነው። ማታ ማታ አጥሩ ጥግ ይቆሙና «ማን አለብኝ! ማን አለብኝ!» እያሉ ይጣራሉ። ውሻው እግራቸው ሥር ተኝቷል። ሰውዬውም አላረፉም። በሳምንቱ ቡችላ አመጡና «ያልፋል» አሉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲመላለሱ ውሾቹ እርስ በርስ ተዋደው በአንድ አጥር ቀዳዳ ይወጡ ይገቡ ነበር።

«እስቲ እሺ፣ አስብበታለሁ» አልኩት። በአማርኛ «አስብበታለሁ» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው። ጓደኛዬ ግን ልቡ ቀድሞት ተሳፍሯል መሰለኝ፣ የሰማው «እሺ»ዋን ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ትንሽ አምሮኛል። ያማረኝ ግን ውሻው አይደለም። ሰሌዳው ነው። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የምትለዋ። በዚህ ከተማ ያቺን ሰሌዳ በሩ ላይ የለጠፈ ሰው ቪላ እንዳለው ይታወቃል። ውስጥ ውሻ ይኑር አይኑር ማንም አያጣራም። እኔ የማውቀው አንድ ግቢ አለ፤ ውሻው ከሞተ ቆየ፣ ሰሌዳው ግን እስካሁን ይጮሃል።

የእኔ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ያውም ኪራይ። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ወንዶች ልጆች እንኖርበታለን። ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ አራት እርምጃ ነው። ይህ በእኔ እርምጃ ነው፤ መቻል በአንድ ተኩል ይጨርሰዋል። በረንዳው ላይ ልብስ ማስጫው፣ የከሰል ምድጃው፣ የውሃ ጀሪካኖቹና ባለፈው ዓመት የተገዛ ጎማ አሉ። ጎማው ለምን እንደተገዛ አላውቅም። መኪና የለንም።

ባለቤቴ ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ውሻ ደግሞ ቤት ውስጥ ይገባል እንዴ?»

ትክክል ናት። የእኛ ሰው ውሻ የሚያሳድገው ለበር ነው። በር ላይ ያድራል፣ በር ላይ ይበላል፣ በር ላይ ያረጃል። የእኛ በር ግን የሚከፈተው ኮሪደር ላይ ነው። ኮሪደሩ ደግሞ የስድስት አባወራ ነው።

ከዚያ ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ። ይህ ዝርያ የተመዘገበው በ1899 ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን ነው ነገሩን የጀመረው። የመጀመሪያው ውሻ ስሙ ሆራንድ ነው። ሥራው በግ መጠበቅ። አጥር በሌለበት አገር በጎቹ ከግጦሹ አልፈው ሰብል እንዳይገቡ፣ ውሻው ድንበሯን ይዞ ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በሶምሶማ። ራሱ አጥር ይሆናል ማለት ነው። እኛ ስንተርት «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» እንላለን። ይኸኛው ሌላ የሚያገባው ነገር የለም።

እንዲህ ያለውን ፍጥረት አራት እርምጃ ሳሎን ውስጥ ላስቀምጥ ነው።

የእንስሳት ሐኪም አማከርኩ። ሴትየዋ ስለ ቤቱ ስፋት አልጠየቀችኝም። ገረመኝ።

«ግቢ ያለው ውሻ ብቻውን የሚሮጥ መስሎዎት ነው?» አለችኝ። «ጥላ ፈልጎ ይተኛል። የሚያስሮጠው ሰው ነው። እርስዎ ስንት ሰዓት ከቤት ይወጣሉ?»

«ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል።»

«የሚገቡትስ?»

«ማታ 1 ሰዓት ተኩል። ታክሲ ከተገኘ።»

«ለእሱ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ሥራ የፈታ እንደሆነ ሥራ ይፈጥራል። ሶፋ ሊሆን ይችላል።»

«ታክሲ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት እቆማለሁ። አይቆጠርም?»

አልሳቀችም። ስለ ምግብ ስትነግረኝ ግን እኔ መሳቅ አቆምኩ። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። ደሙን ነው የሚጎዳው። የተቀቀለ አጥንት አይሰጠውም፤ ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል። እንግዲህ የእኛ ወጥ ምንድን ነው? ሽንኩርት ነው። ሌላው ነገር የሽንኩርቱ እንግዳ ነው። «ከምንበላው እናካፍለዋለን» የሚለው ዕቅዴ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞተ። ባለቤቴ ስነግራት «ለእሱ ለብቻው ድስት ልጣድለት?» አለች። ጥያቄ አይደለም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ለ55 ቀን ዘግቶ ባለቤቱ አገሩ ይገባል። 36 ኪሎ ውሻ ምን ብዬ ነው የማስጾመው?

ስወጣ ሐኪሟ የክትባት ካርዱን አደራ አለችኝ። «የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ይህችን ካርድ ከኪራይ ውልዎ ጋር ያስቀምጧት።»

የኪራይ ውል ስትል አከራያችን ትዝ አሉኝ። ደወልኩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር።»

«ኪራዩን ነው?»

«አይ፣ ውሻ ላመጣ አስቤ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ስንት ትሆናላችሁ ማለት ነው?»

«እኛ አራት ነን፣ እሱ ደግሞ…»

«አምስት። ውሃ ያበዛል?»

«በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ይጠጣል።»

«ገላውንስ?»

«አልፎ አልፎ ነው። በየሳምንቱ አይታጠብም።»

«ከልጆችህ ይሻላል። ያመሻል?»

«አያመሽም።»

«እንግዳ ያመጣል?»

«ኧረ እትዬ፣ ውሻ ነው እኮ!»

«እሱንማ ሰማሁ። አምስተኛ ሰው ከገባ ኪራይ ይጨምራል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው።»

ስልኩን ስዘጋ ገረመኝ። እኔም ስከራይ የተጠየቅሁት ይኸንኑ ነበር፣ ቃል በቃል። ልዩነቱ የመቻል መልሶች የተሻሉ መሆናቸው ነው።

ጓደኛዬ ግን ጊዜ አልነበረውም። «ለሙከራ ቅዳሜና እሁድ ይዋልልህ» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ይዞት ከተፍ አለ። ልጆቼ በደስታ ጮኹ። መቻል ገባ፣ ቤቱን አሸተተ፣ ደስ አለው፣ ጅራቱን ወዘወዘ። የጅራቱ ቁመት ከረከቦቱ ጋር እኩል ነው። ስድስት ሲኒ ነበረን። ሁለት ቀረን። አንዷም ጆሮዋ የለም።

በቀን አራት ጊዜ መውጣት አለበት። ከእኛ ቤት እስከ ምድር 72 ደረጃ ነው። ሲወረድም 72፣ ሲወጣም 72። በቀን 576 ደረጃ መሆኑን ያሰላሁት ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ጋ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ ነው። መቻል አጠገቤ ቆሞ ያየኛል። የሚያሳዝን አስተያየት ነው። ሰው እንዲህ አይቶኝ አያውቅም።

መንገድ ስንወጣ ደግሞ እኔ እሱን ይዤ ወጣሁ ከማለት እሱ እኔን ይዞኝ ወጣ ማለት ይቀላል። የሰፈራችን ውሾች ከያሉበት ተሰበሰቡ። ከቄራው ማዶ ያለው ባለ ግማሽ ጆሮ እንኳን አልቀረም። ስብሰባ የሚያከብሩ ውሾች ናቸው። ሰውም የራሱ ነገር አለው። አንዱ ከሩቅ ሲያየን መንገድ ይሻገራል። አንዱ እጁን አፉ ውስጥ ሊከት ምንም ሳይቀረው «ይናከሳል?» ይላል። አንድ ወጣት «ስንት ገዛኸው?» አለኝ። በስጦታ መሆኑን ስነግረው ወዲያው ናቀው። ጎመን የሚሸጡ እናት ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ልጄ፣ ይህን ከምትቀልብ በግ ብታደልብ ምን አለ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሌሊቱን አልነግራችሁም። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሰማው የሰው ኮቴ ስንት እንደሆነ ውሻ ሳይኖረን አላወቅንም ነበር። 10 ሰዓት ላይ እናቶች ለቅዳሴ ሲወርዱ በእያንዳንዳቸው ላይ ጮኸ። ባለቤቴም ነጠላዋን ስታነሳ ጥቁር ፀጉር በፀጉር ሆኗል። ምንም አላለችም። ይህ ነው የሚያስፈራው።

እሁድ ረፋድ የብሎካችን ማኅበር ስብሰባ ነበረው። ስብሰባ ስል፣ ለስብሰባ ተጠርቶ ነበር ለማለት ነው። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፣ መነጽራቸውን አድርገው ይቀመጣሉ። ምልዓተ ጉባኤ ግን ሞልቶ አያውቅም። ሰው ከሩቅ አየት ያደርግና «ሌላው ሲመጣ ጥሩኝ» ብሎ ይሄዳል። ሁሉም «ሌላው»ን ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት የውሃ ፓምፑ ከተበላሸ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል።

ያን ቀንም እንደዚያው ነበር። ከፊሉ መኪና ያጥባል፣ ከፊሉ በር ላይ ድንች ያማርጣል፣ ጎረምሶቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። ትንሹ ልጄ ቆሻሻ ሊጥል በሩን ከፈተ። መቻል በእግሮቹ መሀል ሾልኮ ወረደ። 72ቱን ደረጃ በስንት እንደጨረሰው እንጃ፤ እኔ ስደርስ ሥራ ጀምሯል።

አልጮኸም። አልተናከሰም። ግቢውን በሶምሶማ መዞር ብቻ ነው። ድንች የሚያማርጡትን በትከሻው ገፋ አደረጋቸው። ጎረምሶቹን ከግድግዳው ለያቸው። ባለመኪናው ጨርቁን እንደያዘ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደ። አንዱ ሊያመልጥ ወደ በሩ ሲጣደፍ መቻል ቀድሞ ተገኘና ዝም ብሎ አየው፤ ሰውዬው ተመለሰ። ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ መዋጮ ያልከፈለ ጎረቤታችን ከሁሉም ቀድሞ ኮሚናሉ ውስጥ ገብቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መቻል የመጨረሻዋን ሴት አስገባና በሩ ላይ ተጋደመ።

ሊቀመንበሩ ቆጠሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ እንደገና ቆጠሩ።

«ምልዓተ ጉባኤው… ተሟልቷል» አሉ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

ፓምፑ እንዲጠገን ተወሰነ። የጥበቃዎቹ ደመወዝ ተጨመረ። ውዝፍ መዋጮ ያለበት በአሥር ቀን ውስጥ እንዲከፍል ተባለ፤ ፊት ወንበር ያለው ሰውዬ ራሱ «ልክ ነው» አለ፣ በሩን በሩን እያየ። ማንም ስልክ ተደወለልኝ ብሎ አልወጣም። ከዚያ «ልዩ ልዩ» ላይ ተደረሰ። ባለመኪናው ጨርቁን እንደያዘ እጁን አወጣ። «በግቢው ውስጥ ትልቅ ውሻ ማሳደር ይከልከል» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልቃወም ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ 576 ደረጃ ትዝ አለኝ። ሲኒዎቹ ትዝ አሉኝ። የባለቤቴ ዝምታ ትዝ አለኝ። ድጋፍ ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። መቻል ስሙ የተነሳ መስሎት ጅራቱን ወዘወዘ። ጸሐፊዋ «ተቃውሞ የለም፣ በሙሉ ድምፅ» ብላ መዘገበች።

አሁን መቻል ሰንዳፋ ነው። የጓደኛዬ አጎት መሬትም በግም አላቸው። በቴሌግራም ፎቶ ልከውልኛል፤ ከበጎቹ ዳር ቆሞ ምላሱን አውጥቷል። ልጆቼ ፎቶውን ፍሪጁ ላይ ለጠፉት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ በራችን ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ናቸው። ቡና ተፈላላቸው፣ በሁለቱ ሲኒ ተራ በተራ ጠጣን። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ፓምፑ አወራን። ሊወጡ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ስብሰባ አለን። ያንን ልጅ ለግማሽ ቀን ብታመጣው?»

«ጋሼ፣ ተከልክሏል እኮ! በሙሉ ድምፅ!»

«የተከለከለው ማሳደር ነው» አሉ። «ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ። ስለ ማዋል የተባለ ነገር የለም።»