ስለ ሚልግራም ሙከራ፦ አንድ እርማት

«የሚልግራም ሙከራ ከ3 ሰዎች 2ቱ ማንኛውንም ትእዛዝ በጭፍን እንደሚፈጽሙ አረጋግጧል» የሚለው አስተያየትዎ በሰፊው ቢነገርም፣ የጥናቱን ግማሽ ገጽ ብቻ የሚያሳይ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስታንሊ ሚልግራም በየል ዩኒቨርሲቲ አካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ባሳተመው ጥናት፣ ሙከራውን የሚመራ አዛዥ ተሳታፊዎቹን ሌላ ሰው መልስ በተሳሳተ ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ንዝረት በማብሪያ እንዲሰጡት ያዛቸው ነበር፤ ከ40 ወንዶች 26ቱ 450 ቮልት እስከሚለው የመጨረሻ ማብሪያ ድረስ መዝለቃቸው እርግጥ ነው (ንዝረቱም ሆነ የተቀጪው ስቃይ የማስመሰል እንደነበር ልብ ይሏል)።

ይሁንና ይህ አኃዝ ሁኔታው እየተለዋወጠ ከተደረጉት በርካታ ሙከራዎች የአንዱ ብቻ ነው። አዛዡ ከክፍሉ ወጥቶ በስልክ ሲያዝ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከሩብ በታች ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹም «እየጨመርኩ ነው» እያሉ ዝቅተኛውን ማብሪያ ደጋግመው ይጫኑ ነበር፤ ይህ በእኔ ግምት ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ የሚናገር ዝርዝር ነው። አጠገባቸው የተቀመጡ ሁለት የሙከራው ተባባሪዎች እምቢ ሲሉ ደግሞ ከ40ዎቹ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 4 ብቻ ነበሩ። ሁለት አዛዦች እርስ በርስ የሚጣረስ ትእዛዝ በሰጡበት ጊዜማ አንድም ሰው 450 ቮልት አልደረሰም። ስለዚህ ጥናቱ የለካው የሰውን ቋሚ ጠባይ ሳይሆን፣ የአዛዡ ቅርበትና የባልደረባ እምቢታ መታዘዝን ምን ያህል እንደሚለውጡት ነው።